የእጥፋት ቀመሮችን ማለስለስ፦ የስሪዲ ፍራክታል ሥዕል ለሚሠሩ ዝርዝር መመሪያ

ማንደልቦክስ የሚባለውን ፍራክታል (አንድ ቀመር ደጋግሞ በመሥራት የሚወጣ፣ ቀረብ ባሉት ቁጥር ዝርዝሩ የማያልቅ ቅርጽ) ከፍቶ ካሜራውን ወደ ውስጥ ያስገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ጠርዝ ነው። ግድግዳው ጠርዝ፣ ምሰሶው ጠርዝ፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ጠርዙ ውስጥ ሌላ እልፍ ጠርዝ። በስልክ ስክሪን ላይ ያምራል። በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ያ ሁሉ ስለት ዓይን ይወጋል፤ በሩቅ ያሉት ትንንሽ ጠርዞች ደግሞ ወደ ጥቁርና ነጭ ነጥብጣብ ይለወጣሉ።

ብዙ ሰው ይህን በፎቶሾፕ ብለር ሊያስተካክለው ይሞክራል። ብለር ጠርዙን አያለሰልስም፤ ምስሉን ነው የሚያደበዝዘው። ብርሃኑ በተጠማዘዘ ገጽ ላይ ቀስ እያለ ሲዞር የሚታየውን ነገር በብለር ማምጣት አይቻልም። ጠርዙ የሚወለደው ቀመሩ ውስጥ ስለሆነ መፍትሔውም እዚያው ነው።

አካሄዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በእነዚህ ቀመሮች ውስጥ ያለ እጥፋት (ከአንድ ድንበር ያለፈን ነጥብ እንደ ወረቀት አጥፎ የሚመልስ ስሌት) ሁሉ ሲፈታ ፍጹም ዋጋ (በ| | የሚጻፈው፣ የቁጥሩ ምልክት ሳይታይ ያለው መጠን) ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለሳጥን እጥፋት አንድ ዘዴ፣ ለሉል እጥፋት ሌላ ዘዴ፣ ለሜንገር ስፖንጅ (በካሬ ቀዳዳዎች ለተሞላው ኪዩብ ፍራክታል) ሦስተኛ ዘዴ መፈለግ አያስፈልግም። ፍጹም ዋጋን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ማለስለስ፣ ከዚያ በተገኘበት ሁሉ መተካት ነው። መመሪያው በሙሉ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ከመጀመራችን በፊት

ፍራክታል የሚሠሩት ፕሮግራሞች፣ ማንደልበልበርም ሆነ ፍራግመንታሪየም፣ በነፃ ይወርዳሉ። ሼደርቶይ ደግሞ በብራውዘር ይሠራል፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው ፍራግመንታሪየምን ነው። ቀመሩ ራሱ ፊት ለፊት ተጽፎ ይታያል፣ እያንዳንዱን ቁጥር በስላይደር ማንቀሳቀስ ይቻላል፣ አንዴ ከወረደ በኋላም ዳታ አይበላም።

እዚህ ሀዋሳ አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች አብዛኞቹ የያዙት ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ነው። ለመማር ይበቃል። የእይታውን መስኮት 480 በ270 ፒክስል አድርጉና ሥሩ። ማለስለስ በእያንዳንዱ ዙር (ቀመሩ አንድ ጊዜ በተሠራ ቁጥር) የሚጨምረው ጥቂት ማባዛትና መደመር ብቻ ስለሆነ ማሽኑን አያስጨንቀውም። ከዚህ ሌላ ኤክሴል ያስፈልጋችኋል፤ ለምን እንደሆነ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ታዩታላችሁ።

ቀመሮቹን የምጽፈው በራሳችን ፊደል ነው። ሀ ማለት ከነጥቡ ሦስት ልኬቶች አንዱ ነው፤ በሦስቱም ላይ በተራ ይሠራል። ለ የማለስለሻው ስፋት ነው። ስ ስኬል ነው፣ ማለትም ነጥቡ በየዙሩ የሚባዛበት ቁጥር፤ ድ ደግሞ ለርቀት ግምት (ደረጃ 5) የምንይዘው ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም ዙሮቹ ነጥቦችን ምን ያህል እንዳራራቁ የሚለካ ቁጥር። ወደ ሼደር (ምስሉን የሚያሰላው የግራፊክስ ኮድ) ስትገለብጡ በሼደሩ ፊደላት ተኩዋቸው።

ደረጃ 1፦ እጥፋቱን ፈልጋችሁ በፍጹም ዋጋ ጻፉት

በ2009 ዳንኤል ዋይትና ፖል ናይላንደር ይፋ ያደረጉት ማንደልበልብ የሚሠራው ነጥብን በኃይል ከፍ በማድረግ ነው፤ እጥፋት የለበትም። በ2010 የመጣው የቶም ሎው ማንደልቦክስ ግን መላ ሕይወቱ እጥፋት ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሳጥን እጥፋት ይደረጋል፣ ቀጥሎ የሉል እጥፋት፣ በመጨረሻ ነጥቡ በስኬሉ ተባዝቶ መነሻው ቦታ ይደመርበታል።

የሳጥን እጥፋት ብዙውን ጊዜ በ«ከሆነ» ተጽፎ ታገኙታላችሁ፦

ሀ ከ1 ከበለጠ፣ ሀ = 2 − ሀ
ሀ ከ−1 ካነሰ፣ ሀ = −2 − ሀ

በዚህ አጻጻፍ ላይ ምንም ማለስለስ አይቻልም፤ «ከሆነ» ወይ ነው ወይ አይደለም። ይኸው ነገር በአንድ መስመር ሲጻፍ፦

ሀ = |ሀ + 1| − |ሀ − 1| − ሀ

በቁጥር አረጋግጡት። ሀ 1.5 ሲሆን 2.5 − 0.5 − 1.5 = 0.5 ይመጣል፤ 2 − 1.5 ማለት ነው። ሀ 0.3 ሲሆን 1.3 − 0.7 − 0.3 = 0.3፤ አልተነካም። አሁን እጥፋቱ ሁለት ፍጹም ዋጋዎች ሆኖ ፊታችን ቀረበ።

እዚህ ላይ የምታስተውሉት ነገር አለ። አንዳንድ ቀመር የሚያጥፍ ይመስላል እንጂ የሚቆርጥ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ወደ ድንበሩ ከግራም ከቀኝም ተጠጉ። የሁለቱ ወገን ውጤት ድንበሩ ላይ ከተገናኘ እጥፋት ነው፤ ካልተገናኘ መቁረጥ ነው። መቁረጥን በዚህ ዘዴ ማለስለስ አይቻልም። መጀመሪያ ወደ እጥፋት መቀየር አለበት፤ ለሜንገር ስፖንጅ እንዴት እንደሚደረግ ደረጃ 4 ላይ አለ።

ደረጃ 2፦ ፍጹም ዋጋን ማለስለስ

ወረቀት ስታጥፉ መታጠፊያው ላይ ስለታም መስመር ይቀራል። ጋቢ ስታጥፉ ግን ጨርቁ ክብ ሆኖ ይዞራል፤ ከመታጠፊያው ራቅ ያለው ክፍል ደግሞ ወረቀቱም ሆነ ጋቢው አንድ ዓይነት ዝርግ ነው። የምንፈልገው ይህንን ነው፦ መታጠፊያው አጠገብ ክብ፣ ከዚያ ውጭ ፍጹም ዋጋው ሳይነካ።

የፍጹም ዋጋ ችግር ዜሮ ላይ ነው። ከግራ ስትመጡ ተዳፋቱ −1 ነው፣ ዜሮን እንዳለፋችሁ በአንድ ጊዜ 1 ይሆናል። ፕሮግራሙ ብርሃኑን የሚያሰላው ከዚህ ተዳፋት ስለሆነ ተዳፋቱ በዘለለበት ብርሃኑም ይዘላል። ጠርዝ ብለን የምናየው ያንን ዝላይ ነው።

በብዙ ቦታ የምታገኙት የመጀመሪያው መፍትሔ ይህ ነው (ልስ ማለት የለሰለሰ ፍጹም ዋጋ ነው)፦

ልስ(ሀ) = √(ሀ² + ለ²)

አጭር ነው፣ የትም አይሰበርም። እኔ ግን ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ጉዳቱ ከመታጠፊያው ርቆ ያለውንም ነጥብ መንካቱ ነው። ለ 0.2 ሆኖ የሳጥን እጥፋት ውስጥ 0.5ን አስገቡ፤ ሳይነካ 0.5 መውጣት የነበረበት 0.475 አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በዙር ሁሉ ሲደጋገምና በስኬል ሲባዛ ግን የቅርጹ አካል በሙሉ ይንሻፈፋል። ያገኛችሁት ውብ ቦታ ስላይደሩን በነካችሁ ቁጥር ከካሜራው ፊት ይሸሻል።

የተሻለው ይህኛው ነው፦

መ = ከ(ለ − |ሀ|) እና ከ0 ትልቁ
ልስ(ሀ) = |ሀ| + መ² ÷ (2 × ለ)

ሀ ከመታጠፊያው ከለ በላይ ከራቀ መ ዜሮ ስለሚሆን የሚወጣው ፍጹም ዋጋው ራሱ ነው። በለ ክልል ውስጥ ሲገባ መስመሩ ወደ ፓራቦላ ይለወጣል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታም ከፍታውም ተዳፋቱም እኩል ስለሆነ መጋጠሚያው አይታይም። «ከሆነ» የለበትም፣ ካሬ ሩትም የለበትም። ለ ዜሮ ሲሆን በዜሮ ማካፈል እንዳይመጣ የለን ዝቅተኛ ዋጋ 0.0001 ላይ ገድቡት።

ሼደሩ ውስጥ ከመጻፋችሁ በፊት ኤክሴል ክፈቱ። በአንድ ዓምድ ከ−2 እስከ 2 በ0.05 ልዩነት ቁጥሮች ደርድሩ፣ በሁለተኛው የመጀመሪያውን የሳጥን እጥፋት፣ በሦስተኛው የለሰለሰውን፦

ሀ = ልስ(ሀ + 1) − ልስ(ሀ − 1) − ሀ

ግራፍ አውጡ። ለ 0.2 ሲሆን መታጠፊያው አጠገብ የምታገኟቸው ቁጥሮች እነዚህ መሆን አለባቸው። 0.8 ሲገባ 0.8፤ 0.9 ሲገባ 0.875፤ 1 ሲገባ 0.9፤ 1.1 ሲገባ 0.875፤ 1.2 ሲገባ 0.8። ባልለሰለሰው ቀመር 1 ላይ ጫፉ 1 ይደርስ ነበር፤ አሁን 0.9 ላይ ክብ ሆኖ ተመለሰ። ከ0.8 በታችና ከ1.2 በላይ፣ −1 አጠገብ ካለው ተመሳሳይ ክብ በቀር፣ ሁለቱ መስመሮች አንድ ናቸው። የእናንተ ግራፍ ይህን ካላሳየ ስህተቱ ያለው ቀመሩ አጻጻፍ ላይ ነው፤ ያንን እዚህ ማግኘት ሬንደር ላይ፣ ማለትም ማሽኑ አስልቶ ባወጣው ምስል ላይ፣ ከመፈለግ በብዙ ይቀላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ደግሞ ኤክሴል በባትሪ ረጅም ሰዓት ያሠራል፣ ሬንደር ግን ባትሪውን ወዲያው ይጨርሰዋል።

ከግራፉ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የጫፉ ከፍታ የሚቀንሰው በለ ግማሽ ነው፤ በካሬ ሩቱ ቀመር ቢሆን የሚቀንሰው በለ ሙሉ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ መታጠፊያዎች 1 እና −1 ላይ ስለሆኑ ለ ከ1 ካለፈ ክብ ክልሎቻቸው መሐል ላይ ይደራረባሉ። ስለዚህ ስላይደሩን ከ0 እስከ 1 ብቻ ስጡት።

ቅርጻችሁ የሚያብረቀርቅ ብረት ከሆነ ፓራቦላውም ላያጠግባችሁ ይችላል። ተዳፋቱ አይዘልም፣ የጥምዝታው መጠን ግን ክቡ በሚያልቅበት ቦታ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ያ በነጸብራቅ ውስጥ ቀጭን ስብራት ሆኖ ይታያል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ሁለተኛውን መስመር በዚህ ቀይሩት፦

ልስ(ሀ) = |ሀ| + መ³ × (|ሀ| + 3 × ለ) ÷ (8 × ለ³)

ይህ ጥምዝታውንም ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ ያወርደዋል። ለድንጋይ፣ ለሸክላ፣ ለማንኛውም ፈዛዛ ገጽ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ልዩነቱን ማንም አያየውም።

ደረጃ 3፦ የሉል እጥፋት

መደበኛው ማንደልቦክስ ነጥቡ ከመሐል ያለውን ርቀት በካሬ ይይዛል፤ ራ እንበለው። ራ ከ0.25 ካነሰ ነጥቡ በ4 ይባዛል። በ0.25 እና በ1 መካከል ከሆነ በ1 ÷ ራ ይባዛል። ከ1 በላይ ከሆነ አይነካም። ይህም «ከሆነ» የበዛበት ይመስላል፤ ዋናው ነገር ግን አንድ ማባዣ ነው፦ 1 ÷ (ራ፣ ከ0.25 እንዳያንስና ከ1 እንዳይበልጥ ተገድቦ)። መገደብ ማለት ትልቁንና ትንሹን መምረጥ ነው፤ ትልቁና ትንሹ ደግሞ ከፍጹም ዋጋ ይወጣሉ (ሀ እና በ እዚህ ማናቸውም ሁለት ቁጥሮች ናቸው)።

ትልቁ(ሀ፣ በ) = (ሀ + በ + |ሀ − በ|) ÷ 2
ትንሹ(ሀ፣ በ) = (ሀ + በ − |ሀ − በ|) ÷ 2

በሁለቱም ውስጥ ፍጹም ዋጋውን በልስ ተኩ። የለሰለሰውን ትልቁ በራ እና በ0.25 ላይ ተጠቀሙ፣ የወጣውን በለሰለሰው ትንሹ ከ1 ጋር አወዳድሩ፣ ከዚያ 1ን ለውጤቱ አካፍሉና ማባዣውን ያዙ። ለዚህኛው የራሱ የሆነ ሌላ ለ ስጡት፤ ከሳጥኑ ጋር አንድ ስላይደር አይጋሩ። የሉሉ ለ ከ0.25 ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ክብ ክልሉ እስከ መሐሉ ይደርስና በ4 መባዛት የነበረበት ነጥብ ሁሉ ይዛባል። በ0.1 ጀምሩ፤ ድንበሩ ላይ 4 የነበረው ማባዣ 3.64 አካባቢ ይሆናል፣ መሐል ላይ ግን 4 እንደ ሆነ ይቆያል።

በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ይበልጥ መልክ የሚለውጠው የሳጥኑ ነው። የሉሉን ማለስለስ በጉልላቶቹ ሥር የሚታየውን ቀለበት መሰል መስመር ያጠፋል፤ ያ መስመር ካላስቸገራችሁ ዜሮ ላይ ተዉት።

ደረጃ 4፦ ሜንገር ስፖንጅና መሰሎቹ

የሜንገር ስፖንጅ በእጥፋት ሲሠራ ሦስቱ ልኬቶች ፍጹም ዋጋቸው ይወሰዳል፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራሉ፣ በ3 ይባዛሉ፣ ከሁለቱ ትልልቆቹ 2 ይቀነሳል። መደርደሩ ትልቁና ትንሹ ስለሆነ በለሰለሰው ይተካል። ደስ የሚለው፣ የለሰለሱት ትልቁና ትንሹ ድምራቸው እንደ መጀመሪያው ሀ + በ ነው፤ ከአንዱ የጎደለው ወደ ሌላው ይሄዳል።

ሦስተኛው ልኬት ላይ ግን ያ የመቁረጥ ችግር አለ፦ «ከ1 ከበለጠ 2 ቀንስ»። 1 ላይ ከግራ 1፣ ከቀኝ −1 ይወጣል፤ አይገናኙም። መፍትሔው የሚቀጥለው ዙር የሚጀምረው በፍጹም ዋጋ መሆኑን መጠቀም ነው። ምልክቱ ቢገለበጥ ለቀጣዩ ዙር ለውጥ የለውም። ስለዚህ በዚህ ተኩት፦

ሀ = 1 − |ሀ − 1|

ከ1 በታች ሀ ራሱ ነው፣ ከ1 በላይ 2 − ሀ ነው፣ ድንበሩ ላይ ይገናኛል። አሁን እንደ ሌላው ሁሉ ፍጹም ዋጋውን በልስ ቀይሩ። የቅርጹ ቀዳዳዎች ጥርስ የሌላቸው ክብ አፎች ይሆናሉ።

በዚህ ዓይነት ቀመር ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ፍጹም ዋጋ መሐል መስመሩን ከዜሮ ወደ ለ ግማሽ ያነሳዋል። ቅርጹ መሐሉ ላይ በትንሹ መለወጡ የሚጠበቅ ነው፤ ለ ትንሽ ይሁን።

ደረጃ 5፦ የርቀት ግምቱ

ምስሉን ለማውጣት ለእያንዳንዱ ፒክስል ከካሜራው የሚላከው ጨረር ወደ ቅርጹ የሚራመደው በርቀት ግምት ነው፤ ይህም ቅርጹ ቢያንስ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚነግር ቁጥር ነው። ለማንደልቦክስ ዴሪቬቲቩ በእያንዳንዱ ዙር በሉሉ ማባዣ ይባዛል፣ ቀጥሎ፦

ድ = ድ × |ስ| + 1

በመጨረሻ የነጥቡ ርዝመት ለድ ይካፈላል። ቀመሩን ካለሰለስን በኋላ ይህን ሁሉ እንደገና ማስላት አለብን? አያስፈልግም፤ ምክንያቱንም ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያው የሳጥን እጥፋት ተዳፋቱ 1 ወይም −1 ነው፤ የለሰለሰው ተዳፋት በ−1 እና በ1 መካከል ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። ነጥቦችን አያራርቅም ማለት ነው። ስለዚህ የድሮው ድ ከእውነተኛው እኩል ወይም የበለጠ ነው፣ የርቀት ግምቱም ከእውነተኛው እኩል ወይም ያነሰ። ጨረሩ ግድግዳውን ዘልሎ አያልፍም። የሉሉም እንዲሁ ነው፤ ድን የምታባዙት ግን በለሰለሰው ማባዣ መሆን አለበት። በአንዱ ቦታ የለሰለሰውን፣ በሌላው የድሮውን ማባዣ ብትጠቀሙ ሁለቱ አይስማሙም።

ዋጋው ጨረሩ ቀስ ብሎ መሄዱ ነው። መታጠፊያዎቹ አጠገብ ግምቱ ስለሚያንስ እርምጃው ያጥራል፣ የተፈቀደለት የእርምጃ ብዛት ከማለቁ በፊት ገጹ ላይ ላይደርስ ይችላል። ምስላችሁ ላይ ጠርዝ ጠርዙን ጭጋግ ወይም ጥቁር ጥላ ካያችሁ የእርምጃውን ከፍተኛ ብዛት ጨምሩ እንጂ ለን አትቀንሱ።

ሌላው ኖርማል (ገጹ ወደየት እንደዞረ የሚያሳየው አቅጣጫ) የሚሰላበት ርቀት ነው። ፕሮግራሙ ኖርማልን የሚያወጣው ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦችን በማወዳደር ነው። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ከክቡ ስፋት ከበለጠ ክቡን ዘሎት ይሄዳል፤ ያለሰለሳችሁት ሁሉ በምስሉ ላይ አይታይም።

ደረጃ 6፦ ለ በዙር ዙር

ሥዕሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜያችሁንም እዚህ አጥፉ።

በእያንዳንዱ ዙር ነጥቡ በስኬሉ ይባዛል። ስለዚህ በዙር ቁጥር 5 የተደረገ እጥፋት በምናየው ቅርጽ ላይ ከመጀመሪያው እጥፋት እጅግ ያነሰ ነው። ስኬሉ 2 ሲሆን፣ ዙሩን ከ0 ብንቆጥር፣ 0.2 የሆነ ለ በዙር 0 ላይ 0.2 ስፋት አለው፣ በዙር 5 ላይ ደግሞ 0.2 ÷ 32፣ ማለትም 0.00625። ለን በሁሉም ዙር አንድ አድርጋችሁ ከተዋችሁት ትልቁ ጠርዝ በትልቁ፣ ትንሹ ጠርዝ በትንሹ ይከባል። ሁሉም በልኩ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ግን የሩቁን ነጥብጣብ አያጠፋም፣ ምክንያቱም ትንንሾቹ ጠርዞች አሁንም ከፒክስል ያንሳሉ።

ሁለተኛው መንገድ ለን በየዙሩ መቀነስ ነው። በ0.5 ጀምሩና በ0.6 አባዙት፦ 0.5፣ 0.3፣ 0.18፣ 0.108፣ 0.065 እያለ ይወርዳል። ትልልቆቹ ግድግዳዎች ይከባሉ፣ ላያቸው ላይ ያለው ቅርጻ ቅርጽ ስለታም ሆኖ ይቀራል። ከሩቅ ለስላሳ፣ ከቅርብ ዝርዝር ያለው ሥራ ከፈለጋችሁ ይህ ነው።

ሦስተኛው ተቃራኒው ነው፦ ለን በየዙሩ በስኬሉ መጠን ማሳደግ። መነሻውን 0.01 አድርጉና በየዙሩ በ|ስ| አባዙት፣ 1 ላይ ሲደርስ አቁሙት። ስኬሉ 2 ከሆነ በዙር 5 ላይ 0.32፣ በዙር 6 ላይ 0.64 ይሆናል፣ በዙር 7 ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ስኬሉ −1.5 ከሆነ ከዙር 11 በኋላ ነው ጣሪያውን የሚነካው። እዚህ የክቡ ስፋት በምናየው ቅርጽ ላይ በሁሉም ዙር ተቀራራቢ ነው፤ ከዚያ ስፋት ያነሰ ዝርዝር ሁሉ ይሟሟል። ለህትመት የምወደው ይህንን ነው፤ ነጥብጣቡን ከሥሩ ያጠፋዋል።

በዚህ ሦስተኛ መንገድ ለን በ|ስ| ፈንታ በድ ለማባዛት ይቃጣችሁ ይሆናል፤ ድ የሉሉንም ማጉላት ስለሚይዝ ይበልጥ ትክክል ይመስላል። ችግሩ ድ ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው። ያኔ ለ ራሱ ከነጥቡ ጋር የሚለዋወጥ ይሆናል፣ ደረጃ 5 ላይ ያየነው ዋስትናም አይሠራም። ማድረግ ይቻላል፣ ግን የጨረሩን እርምጃ በ0.5 ማባዛት ይኖርባችኋል፤ ሬንደሩ በዚያው መጠን ይረዝማል።

ምርጫው ሥዕሉ በሚሰቀልበት ቦታ ይወሰናል። ሐይቁ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ ላላቸው አንዲት እናት የሠራሁትን የመጀመሪያ ናሙና ባሳየኋቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ ሲያዩት ያምራል፤ ግን ሰው እዚህ የሚመጣው ሊያርፍ ነው፤ ይሄ ዓይን አያሳርፍም» አሉኝ። ናሙናው በአንድ ለ በሁሉም ዙር የተሠራ ነበር። በሦስተኛው መንገድ፣ በመነሻ 0.015 እንደገና ሠራሁት፤ ቅርጹ ያው፣ ካሜራው ያው፣ ስኬሉም ያው −1.5። ነጥብጣቡ ጠፋ፣ ብርሃኑ በጉልላቶቹ ላይ ሳይቆራረጥ ዞረ። ወደዱት። ከዚያ ወዲህ አንድን ሥራ ማን፣ የት፣ በምን ያህል ርቀት ቆሞ እንደሚያየው ሳልጠይቅ ለን አልመርጥም።

ሲበላሽ

ቅርጹ አብጦ ድፍን ከሆነና ቀዳዳዎቹ ከተዘጉ ለ በዝቷል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ለ ቀንሱ። ስላይደሩን ስታንቀሳቅሱ ቅርጹ ከቦታው የሚሸሽ ከሆነ አሁንም የካሬ ሩቱ ቀመር የሆነ ቦታ ቀርቷል። አንድ ነጠላ ስለታም መስመር ብቻ ከቀረ ያልተካችሁት ፍጹም ዋጋ አለ፤ ብዙ ጊዜ መደርደሩ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ጠርዙ ክብ ሆኖ ቀለሙ ግን በስለት የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ቅርጹ ላይ አይደለም። ቀለሙ የሚመጣው ነጥቡ በዙሮቹ ውስጥ ወደ አንድ ቦታ ምን ያህል እንደተጠጋ ከሚይዘው ትንሹ ነው፤ ያንንም ትንሹ በለሰለሰው ተኩት።

ለህትመት

ኤ3 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ይፈልጋል። ፍራግመንታሪየም ትልቅ ምስልን በቁራጭ በቁራጭ ከፋፍሎ ሬንደር ማድረግ ስለሚችል ደካማ ማሽንም ይወጣዋል። በሦስተኛው መንገድ ከሠራችሁ መነሻውን ለ ከአንድ ፒክስል ስፋት ጋር አስተካክሉት፦ ሥዕሉ ላይ ካሜራው የሚያየው ስፋት 4 ከሆነና በ3508 ፒክስል ከተከፈለ አንዱ ፒክስል 0.00114 አካባቢ ነው። ከሁለት እስከ አራት ፒክስል ስፋት ያለው ለ፣ ማለትም ከ0.0023 እስከ 0.0046፣ ነጥብጣቡን አጥፍቶ ዝርዝሩን ያተርፋል፤ ከዚያ በላይ የምትሄዱት የለሰለሰ መልክ ፈልጋችሁ ከሆነ ብቻ ነው። በትንሹ መስኮት ያያችሁት መልክ በትልቁ ሬንደር እንደማይለወጥ ርግጠኛ ለመሆን ለን በቅርጹ ልኬት እንጂ በመስኮቱ ፒክስል አታስሩት፤ አንዴ አስሉና ቁጥሩን ጻፉት።

ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት ጠርዝ የበዛበትን ቦታ መርጣችሁ እጅ የምታህል ቁራጭ በዚያው ወረቀት ወይም ሸራ አሳትሙ። በቀን ብርሃን እዩት፣ መጀመሪያ በክንድ ርቀት፣ ቀጥሎ ሥዕሉ ሲሰቀል ሰው በሚቆምበት ርቀት። በክንድ ርቀት ጠርዙ ከጠፋባችሁ ለን በሩብ ቀንሱ፤ ከሩቅ አሁንም ነጥብጣብ ከታየ በሩብ ጨምሩና ሌላ ቁራጭ አሳትሙ።